ጥያቄ ይዞ ድሬዳዋ መሄድ፦ ለእድርና ለሠፈር መሪዎች የልምድ ልውውጥ ጉዞ ዝግጅት

በመሀል አዲስ አበባ የእድር ሰብሳቢዎች፣ የሴቶችና የወጣቶች ማኅበር ተወካዮች፣ የወላጅ ኮሚቴ አባላትና የወረዳ ሠራተኞች ተሰባስበው ሌላ ከተማ ለልምድ ልውውጥ መሄዳቸው የተለመደ ነው። ደስ የሚል ነገር ነው። አንዱ ሠፈር ለዓመታት የታገለውን ችግር ሌላው ከተማ ፈትቶት ሊሆን ይችላል። ሄዶ በዓይን ማየት ደግሞ ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል።

የሚያስቸግረው ሽር ጉዱ ነው። አውቶቡሱ፣ ቲሸርቱ፣ ባነሩና አበሉ ሳምንታት ይፈጃሉ። ምን ልንጠይቅ ነው የምንሄደው የሚለው ግን መንገድ ላይ ይነሣል። አንዳንዴም ጨርሶ አይነሣም። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ ልክ ነው።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ ይዤ ልሂድ። ከአራት ኪሎ፣ ከቀበናና ከካዛንቺስ አካባቢ የተሰባሰቡ የእድርና የሠፈር መሪዎች ወደ ድሬዳዋ ሊሄዱ ነው እንበል። ሐዋሳ ወይም አዳማ ለምትሄዱም ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

1. ከከተማው በፊት ጥያቄውን ምረጡ

ብዙ ቡድን የሚጀምረው «የት እንሂድ?» ብሎ ነው። አትጀምሩት። መጀመሪያ «ሠፈራችን ውስጥ ምን አቃተን?» በሉ። አንድ ሰዓት ተኩል የሚወስድ ስብሰባ በእድር ቤት ጥሩ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ችግር ይናገር። ከዚያ አንድ ብቻ ምረጡ። ሁለት አይደለም፣ አንድ። ስለ ቆሻሻም፣ ስለ ወጣት ሥራም፣ ስለ ጎርፍም፣ ስለ መንገድ መብራትም ሊጠይቅ የሚሄድ ቡድን ከየቢሮው በራሪ ወረቀት ሰብስቦ ነው የሚመለሰው።

በእኛ ምሳሌ ጥያቄው የወንዝ ነው። ቀበናና ግንፍሌ ከእንጦጦ በኩል ይወርዳሉ። ክረምት ላይ እንጦጦ አናት ላይ ሲዘንብ ታች ያለው ሰው ሰማዩ ጠርቶለት ሊሆን ይችላል። ውሃው ግን ይመጣበታል። ስለዚህ ጥያቄው እንዲህ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፦ «ላይ ሲዘንብ ታች ወንዝ ዳር ለሚኖረው ሰው ማን፣ በምን፣ በስንት ደቂቃ ውስጥ ይነግረዋል? ሌሊት ከሆነስ በር የሚያንኳኳው ማን ነው?»

ይህን «የጎርፍ አደጋ መከላከል ልምድ ለመቅሰም» ከሚለው ጋር አስተያዩት። ሁለተኛው ለደብዳቤ ርእስ ይሆናል። ለጉዞ ግን አይበቃም፣ ምክንያቱም ማንም ሰው በአንድ ንግግር ሊመልሰው ይችላል። የመጀመሪያውን ለመመለስ ሥራውን የሠራ ሰው መምጣት አለበት። ጥሩ ጥያቄ የምትለዩት በዚህ ነው። ጥያቄውን ስትሰሙ የሚመልሰውን ሰው ዓይነት ማሰብ ከቻላችሁ ጥያቄው ደርሷል። ካልቻላችሁ ገና ነው፣ እንደገና ሥሩት።

ጥያቄውን በአንድ ገጽ ጻፉት፣ ሁሉም አባል ኮፒ ይያዝ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ውሳኔ ሁሉ በዚያ ገጽ ይመዘናል። ይህ ሰው ይሂድ? ይህ ቦታ ይጎብኝ? ይህ ወጪ ይውጣ? ገጹን እያያችሁ ወስኑ።

2. ጥያቄው ወደሚመለስበት ከተማ ሂዱ

ድሬዳዋን የመረጥኩት ለዚህ ነው። ከተማዋን ደቻቱ የሚባለው ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። በአንድ በኩል ከዚራ፣ በሌላ በኩል መጋላ። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ይነገድበታል። ከላይ ከሐረርጌ ደጋ ዝናብ ሲወርድ ግን በአንዴ ይሞላል። በ1998 ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል፣ በሺዎች የሚቆጠሩትን አፈናቅሏል። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ነዋሪውም በዚያ ሌሊት ያየውን አይረሳም። «በር የሚያንኳኳው ማን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልስ ያለው ሰው የምታገኙት እዚያ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ሁለቱም በቻርተር የሚተዳደሩ፣ ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ የሆኑ ከተሞች ናቸው። የአዲስ አበባው ቻርተር አዋጅ ቁጥር 361/1995 ነው፣ የድሬዳዋው ደግሞ 416/1996። «እነሱ ክልል ስላላቸው ነው፣ እኛ አንችልም» የሚለው ሰበብ እዚህ ላይ አይሠራም። እዚያ የሠራ አሠራር እዚህም ሊሞከር ይችላል።

ሌላ ከተማ ስትመርጡም ሁለት ነገር እዩ። ችግሩ የጋራ መሆን አለበት። ሥልጣኑና አቅሙም መቀራረብ አለበት። ሆቴሉ ስለሚያምር ወይም ሐይቅ ስላለ የሚመረጥ ከተማ የመዝናኛ ጉዞ ነው። መዝናናት ነውር የለውም፣ ግን ከእድር ገንዘብ መውጣት የለበትም።

3. ማን ይሂድ?

እዚህ ላይ ይሉኝታ ብዙ ያበላሻል። ሰብሳቢው ካልሄደ ቅር ይለዋል፣ ምክትሉም እንዲሁ። ስለዚህ ሃያ ሰብሳቢዎች ይሄዱና ሥራውን የሚሠራው ሰው ሠፈር ይቀራል። መድኃኒቱ ሰው ከመጥራት በፊት የሥራ ድርሻ መጻፍ ነው።

ለወንዙ ጥያቄ የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው። ወንዝ ዳር የሚኖር፣ ውሃ ቤቱ የገባበት ሰው። የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ወይም መልእክት አድራሽ፣ ምክንያቱም ሌሊት በር ማንኳኳት የሚያውቅ ሰው እሱ ነው። ስልክና ቴሌግራም የሚቀናቸው ሁለት ሦስት ወጣቶች። ቀን ቀን ቤት ውስጥ ማን እንዳለ፣ የትኛው ቤት አቅመ ደካማ እንዳለ የሚያውቁ እናቶች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ብትገኝ በጣም ጥሩ። ከወረዳው ደግሞ በጀት ላይ የሚፈርም አንድ ሰው። ስትመለሱ «ይህን ላጸድቅ አልችልም» የሚል ሰው ቀድሞ አብሯችሁ ቢያይ ይሻላል። የአገር ሽማግሌ አንድ ወይም ሁለት ያስፈልጋሉ፣ ለክብርም ለምርቃትም። የእስልምናና የክርስትና እምነት ተከታዮች ሁለቱም ይኑሩ።

ቁጥሩ አንድ ኮስተር ከሚይዘው አይለፍ። ከ20 እስከ 25 ሰው ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ መነጋገር አይቻልም፣ ንግግር ማዳመጥ ብቻ ይሆናል። ከግማሽ ያላነሱት ሴቶች ይሁኑ። ጎርፍ ሲመጣ ልጅና አዛውንት ይዘው የሚወጡት በአብዛኛው እነሱ ናቸው፣ ስለዚህ ጥያቄው የእነሱ ነው።

እያንዳንዱ ተጓዥ ከመሄዱ በፊት ስትመለሱ የሚሠራውን አንድ ነገር በቃለ ጉባኤ ያስመዝግብ። ይህን የማይፈልግ ሰው ቦታውን ለሌላ ይልቀቅ።

4. መጀመሪያ የራሳችሁን ወንዝ በእግር ሂዱበት

ይህን ደረጃ የሚዘል ቡድን ብዙ ነው። እኔ ግን ከሁሉም የሚጠቅመው ይህ ነው እላለሁ። ድሬዳዋ የሚሄደው ቡድን በሙሉ አንድ እሑድ ጠዋት ተሰብስቦ የራሱን ወንዝ ዳር በእግሩ ይሂድ። ከቀበና ድልድይ ወይም ከግንፍሌ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ። ሦስት አራት ሰዓት ይበቃል። ቦቲ ጫማ አድርጉ።

ምን ትመዘግባላችሁ? ግድግዳ ላይ የቀረውን የውሃ ምልክት ፎቶ አንሡ፣ ከመሬት ስንት ሜትር ከፍ እንዳለ በሜትር ለኩ። ድልድይ ሥርና ቱቦ አፍ ላይ የተከማቸውን ቆሻሻና ደለል እዩ። ወንዙ ዳር አሁን ሰው የሚኖርባቸውን ቤቶች ቁጠሩ። ይህ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፣ ግን አይደለም። በልማት ምክንያት ብዙ ሰው ከመሀል ከተማ ተነሥቷል፣ ብዙ የእድር መዝገብም ላይ ያለው ስም ሠፈሩ ውስጥ ካለው ሰው ጋር አይገጥምም። እድሩ አባሉን በስልክ ሊያገኘው ይችላል፣ ውሃው የሚያገኘው ግን አሁን እዚያ የሚኖረውን ነው። ተከራይ ደግሞ ብዙ ጊዜ እድር የለውም። ታዲያ ለእሱ ማን ይነግረዋል? ተመልከቱ፣ ገና ድሬዳዋ ሳትሄዱ አንድ ጥሩ ጥያቄ አገኛችሁ።

በመንገዳችሁ ላይ የቆዩ ነዋሪዎችን አነጋግሩ። «ውሃው ሲመጣ በምን ታውቁታላችሁ?» በሉ። አንዷ እናት በድምፁ፣ ሌላው በጠረኑ ወይም በቀለሙ ሊነግራችሁ ይችላል። ጻፉት።

ይህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ካርታ ላይ አስፍራችሁ ወደ ድሬዳዋ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። አስተናጋጆቻችሁ ካርታችሁን ሲያዩ ንግግሩ ይለወጣል። «እዚህ ጋ እኛ ብንሆን እንዲህ እናደርግ ነበር» ማለት ይጀምራሉ። ባዶ እጁን ለመጣ ሰው ግን የሚያወሩት ስለ ራሳቸው ብቻ ነው።

5. ቀን ስትቆርጡ

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። በሰኔና በሐምሌ የመንግሥት ቢሮ ሰው በሒሳብ መዝጋትና በዕቅድ ተወጥሯል፣ እንግዳ የሚቀበልበት ጊዜ አይደለም። ድሬዳዋ ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፣ ከደጋ ለመጡ አዛውንቶች ይከብዳል። ከተማዋ በበልግም በክረምትም ጎርፍ ሊመጣባት ስለሚችል በእነዚያ ወቅቶች አስተናጋጆቻችሁ ራሳቸው ተጠንቀው ነው የሚገኙት።

የሚሻለው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። አንድ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፦ ታኅሣሥ 19። የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ሲደርስ ከመላ አገሪቱ ሰው ወደዚያ ይጎርፋል፣ ቁልቢም ከድሬዳዋ ሩቅ አይደለም። በዚያ ሳምንት መኪናም፣ የአውሮፕላን ትኬትም፣ አልጋም ማግኘት ፈተና ነው። ቁልቢ ለመሳለም የምትፈልጉ ካላችሁ በራሳችሁ ጊዜና ገንዘብ ሂዱ፣ ከሥራው ጉዞ ጋር አትቀላቅሉት። ረመዳንንም በዚያ ዓመት መቼ እንደሚውል ተመልከቱ። በጾም ወር ቀኑን ሙሉ እንግዳ ይዞ መዞር ለአስተናጋጅ ከባድ ነው።

በሳምንቱ ውስጥ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ለቢሮ ቀጠሮ ጥሩ ናቸው። ዓርብ እኩለ ቀን የጁምዓ ሶላት ስለሆነ ምንም አትያዙበት።

6. ደብዳቤና ስልክ

ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ ግን ብቻውን ሥራ አይሠራም። ከወረዳችሁ ወይም ከክፍለ ከተማችሁ የትብብር ደብዳቤ አጽፉ፣ ማኅተሙና የፊርማው ቲተር በደንብ ይታይ። አድራሻው ለድሬዳዋ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት፣ ግልባጩ የአደጋ ሥጋት ሥራ ለሚመለከተው ቢሮ ይሁን። ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት ይድረስ።

ይዘቱ አጭር ይሁን። እነማን እንደሆናችሁ፣ ስንት እንደሆናችሁ፣ በየትኛው ቀን እንደምትመጡ፣ ጥያቄያችሁ ምን እንደሆነ፣ እነማንን ማግኘት እንደምትፈልጉ። የመጨረሻው ዋናው ነው። «የሚመለከታቸውን የሥራ ኃላፊዎች» ብላችሁ ከጻፋችሁ ኃላፊ ብቻ ታገኛላችሁ። «በ1998 ጎርፍ ወቅት ወንዙ ዳር የነበሩ ነዋሪዎችን፣ የእድርና የአፎቻ መሪዎችን፣ ማስጠንቀቂያ የሚያስተላልፉ ሠራተኞችን» በሉ። አፎቻ በሐረርና በድሬዳዋ አካባቢ እንደ እኛ እድር በሐዘንና በደስታ የሚረዳዳ ማኅበር ነው። ለእድር ሰዎች ከእነሱ የተሻለ ወንድም አይገኝም።

የማትፈልጉትንም ጻፉ። «የምሳ ግብዣና ስጦታ አንጠብቅም፣ ወጪያችንን እኛው እንሸፍናለን» የሚል አንድ መስመር ለአስተናጋጁ ትልቅ እፎይታ ነው። እንግዳ መጋበዝ ባህላችን ስለሆነ ካልተነገራቸው ይጨነቃሉ።

ደብዳቤው ከተላከ በኋላ ስልክ። ደብዳቤው ለማን እንደተመራ ጠይቁ፣ የዚያን ሰው ስምና ስልክ ያዙ። ከዚያ በቡድናችሁ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ከእሱ ጋር ይነጋገር። አምስት ሰው የሚደውልለት አስተናጋጅ አምስት የተለያየ ፕሮግራም ይይዛል። በሳምንት አንዴ ይደወል። የሰላምታው ጊዜ ይበቃ፣ ወደ ጉዳዩ ለመግባት አትቸኩሉ። የመንግሥት እርከናቸው ከእኛ ክፍለ ከተማና ወረዳ ስለሚለይ ማን ምን እንደሚወስን በዚሁ ስልክ ጠይቁ። ጥያቄያችሁን የያዘውን ገጽ በቴሌግራም ላኩላቸው፣ ተዘጋጅተው ይጠብቋችኋል።

ከመነሣታችሁ በፊት ባለው ሳምንት ፕሮግራሙን ከሰዓቱና ከቦታው ጋር በጽሑፍ አረጋግጡ። በቃል «ኑ ብቻ፣ ችግር የለም» መባሉ ደስ ይላል፣ ማረጋገጫ ግን አይደለም።

7. ገንዘቡ

የእድር ገንዘብ የሐዘንተኛ ገንዘብ ነው። ከእሱ ለጉዞ የሚወጣ ከሆነ በጠቅላላ ጉባኤ ይወሰን፣ በቃለ ጉባኤ ይስፈር። ኮሚቴው ብቻ ወስኖ ከሄደ ተመልሶ የሚያመጣው ልምድ ቀርቶ ሐሜቱ ይነግሣል። ወረዳው የሚሸፍነው ካለ የቱን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ይታወቅ። የወረዳ ሠራተኞች አበል በመሥሪያ ቤታቸው ደንብ ይከፈላቸው፣ ከእድሩ መዋጮ ጋር አይደባለቅ።

ዝርዝሩ ቀላል ነው፦ መጓጓዣ፣ አልጋ፣ ምግብ፣ የከተማ ውስጥ ትራንስፖርት፣ ኅትመትና ፎቶ ኮፒ፣ መድኃኒት፣ መጠባበቂያ። መጠባበቂያው ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ ያህል ይሁን። ገንዘብ ያዡ ብቻውን አይክፈል፣ አጠገቡ አንድ ሰው ይፈርም። በተቻለ መጠን በቴሌብር ወይም በባንክ ይከፈል፣ መረጃው ይቀራልና። ደረሰኝ የማይሰጡ ነገሮች አሉ፣ ባጃጅ ለምሳሌ። ለእነሱ ቀን፣ መነሻ፣ መድረሻና ዋጋ የሚጻፍበት ቅጽ አዘጋጁ። ወጪው በተመለሳችሁ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይወራረድ።

8. መንገዱና አልጋው

ሦስት አማራጭ አለ። አውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ ለአዛውንቶች ምቹ ነው፣ ውድ ነው። መኪና በአዳማና በአዋሽ በኩል ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። ሦስተኛው ባቡር ነው።

የባቡሩን ነገር ለሽማግሌዎቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። የድሮው ሐዲድ በ1895 ድሬዳዋ ደርሶ በ1909 አዲስ አበባ ገብቷል፣ የእኛ ሰው ልብ ውስጥ ባቡር ማለት ለገሃር ነው። አዲሱ መስመር ግን ከለገሃር አይነሣም። መነሻው ከመሀል ከተማ ወጣ ብሎ ፉሪ ለቡ ነው፣ ድሬዳዋም ላይ ጣቢያው ከከተማዋ ውጭ ነው። ለሁለቱም ጫፍ መኪና መያዝ ግድ ነው። የጉዞ ቀኖቹን ትኬት ቢሮው ሄዳችሁ አረጋግጡ።

በመኪና ከሆነ የመንገዱን ሁኔታ ከመሥመሩ ሾፌሮች ጠይቁ፣ ፌስቡክ ላይ ከሚወራው ይልቅ እነሱ ያውቃሉ። ንጋት ላይ ተነሡ፣ ከጨለመ በኋላ አትንዱ። መገናኛው አንድ ቦታ ይሁን፤ ለአራት ኪሎም ለካዛንቺስም ሰው የሚቀርብ። ሁለተኛ ሾፌር ይኑር።

የአውሮፕላን ትኬት ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ ነው። 07:00 ማለት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፣ 13:00 ማለት ከቀኑ 7 ሰዓት። ለሁሉም ተጓዥ በእኛ ሰዓት ተርጉማችሁ በቴሌግራም ግሩፑ ላኩ፣ አዛውንቶቹን ደግሞ ደውላችሁ ንገሩ። ቀኑም እንዲሁ ነው። ትኬቱ ላይ ያለው ስም ከፋይዳው ወይም ከቀበሌ መታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰል።

አልጋ ስትይዙ ከዚራ አካባቢ ለቢሮዎች ይቀርባል። ለአዛውንቶች ምድር ቤት ጠይቁ። ቬንትሌተር ወይም ኤሲ መኖሩን፣ ውሃ መኖሩን አረጋግጡ። አጎበር መኖሩንም ጠይቁ፣ ምክንያቱን አሁን እነግራችኋለሁ።

9. ጤናና ማዕድ

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እኛ በእጥፍ ያህል ከፍ ብለን ነው የምንኖረው፣ ስለዚህ ወባን እንደ ሩቅ አገር በሽታ እናያለን። ድሬዳዋ ላይ ግን በ2014 በከተማው ውስጥ የወባ ወረርሽኝ ነበር። ያስተላለፈችው አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የምትባል ትንኝ ናት፣ ከተማ ውስጥ በውሃ ማጠራቀሚያ በርሜልና ታንከር ትራባለች። የደንጊ ትኩሳትም በከተማዋ ተከስቶ ያውቃል፣ የእሱ ትንኝ ደግሞ ቀን ነው የምትነክሰው። ስለዚህ እጅጌ ረጅም ልብስ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት፣ ማታ አጎበር። ነፍሰ ጡር ካለች ከመሄዷ በፊት ሐኪሟን ታማክር። ከተመለሳችሁ በኋላ በሚቀጥሉት ሳምንታት ትኩሳት የያዘው ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ «ድሬዳዋ ነበርኩ» ይበል። ይህን ካልተናገረ መሀል አዲስ አበባ ላይ ወባን ቶሎ የሚጠረጥር የለም።

የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ከቀኖቹ በላይ የሚበቃ ይያዙ። ውሃ በብዛት ይጠጣ።

ማዕዱ በጥንቃቄ ይታሰብ። የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ለየብቻ ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ጾም አለ። ቀላሉ መንገድ ምሳውን በሙሉ የጾም ማድረግ ነው። ሁሉም አንድ ገበታ ላይ ይቀመጣል፣ ማንም ተለይቶ አይበላም። ድሬዳዋ ላይ ሽሮና አትክልት አይጠፋም። ማታ ሁሉም የወደደውን ይብላ።

10. እዚያ ስትደርሱ

ፕሮግራሙን ጠዋት ላይ አብዙት። ከሰዓት ሙቀቱ ይከብዳል፣ ከተማዋም ጋብ ትላለች። ብዙ ሰው በዚያ ሰዓት ያርፋል፣ የሚቅምም ይቅማል። በዚያ ሰዓት ቀጠሮ መያዝ ለእናንተም ለእነሱም አይበጅም። አመሻሹ ላይ ደግሞ ትነቃለች።

የመጀመሪያው ቀን ቢሮ አትጀምሩ። በማለዳ ደቻቱን እዩት። ግንቡን፣ አሸዋውን፣ ድልድዩን ተመልከቱ፣ ከአስተናጋጃችሁ ጋር በዳርቻው ሂዱ። ወደ ቢሮ ስትገቡ የምትጠይቁት ያያችሁትን ይሆናል። ቀፊራ ገበያም ጎራ በሉ፣ ነጋዴው ስለ ውሃው ብዙ ያውቃል።

የሥራ ድርሻ አስቀድማችሁ አከፋፍሉ። አንድ ሰው ቡድኑን ያስተዋውቅ። ሁለት ሰዎች ይጻፉ፣ ምክንያቱም አንዱ የሳተውን ሌላው ይይዛል። አንድ ሰው ሰዓት ይጠብቅ። ጥያቄዎቹ ለየሰው ይከፋፈሉ፣ ጥሩንባ ነፊው ስለ ማስጠንቀቂያው፣ እናቶች ስለ ልጆችና አዛውንቶች፣ የወረዳው ሰው ስለ በጀቱ ይጠይቅ። የአንድ ሰው ጥያቄ ከአንድ ደቂቃ አይለፍ። የእኛ ሰው ጥያቄ ሲጠይቅ ንግግር ማድረግ ይወዳል፣ እንግዳ ሆነን ግን የመጣነው ለመስማት ነው። ያልተሳካውንም ጠይቁ፦ «ምን ሞክራችሁ ተዋችሁ?»

በ1998 ጎርፍ ሰው የሞተበት ነዋሪ ሊያነጋግራችሁ ከፈቀደ፣ ይህ ከሁሉም የበለጠ የተከበረ ሰዓት ነው። በቡድን አትክበቡት። ሦስት አራት ሆናችሁ ሂዱ፣ ሽማግሌያችሁ ይቅደም። መጀመሪያ «እግዜር ያጥናዎት»፣ «አላህ ይርሐማቸው» በሉ። ካሜራ አታውጡ። ስንት ሰው እንደሞተበት አትጠይቁ፣ ከነገራችሁ አዳምጡ። የሚጠየቀው «ያን ሌሊት ማን ቢነግርዎት፣ ምን ቢነግርዎት ኖሮ ይተርፉ ነበር?» የሚለው ነው። ይህም ቢሆን ፊቱን አይታችሁ ነው። ካለቀሰ ዝም ብላችሁ አብራችሁ ተቀመጡ። እድርተኛ ይህን ያውቅበታል።

አንድ ነገር ለአዛውንቶቻችን አስቀድማችሁ ንገሩ። የድሬዳዋ ሰው «አንቱ» ማለት አይቀናውም። ሽበታም ሽማግሌን «አንተ» ብሎ፣ «አቦ» ብሎ ያዋራል። ንቀት የለበትም፣ ቅርበት ነው። የኛ አባቶች ይህን ሳያውቁ ከሄዱ የመጀመሪያው ሰላምታ ላይ ይከፋቸዋል፣ ቀኑም ይበላሻል። እናንተ ግን የለመዳችሁትን አክብሮት አትተዉ።

ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ውድ ስጦታ አይደለም የምላችሁ። የእድራችሁን መተዳደሪያ ደንብ ኮፒ፣ የወንዛችሁን ካርታ፣ ሠፈራችሁ የተሳካለትን አንድ አሠራር በሁለት ገጽ ጽፋችሁ ያዙ። ለእነሱም የሚጠቅም ነገር ከእኛ ዘንድ አለ።

ማታ ማታ ከእራት በፊት ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ነገር ይበል፦ «ዛሬ ምን አየሁ? የትኛውን ሠፈራችን ውስጥ ላደርገው እችላለሁ?» ጸሐፊዎቹ እዚያው ይጻፉት። ለነገ ከተባለ ይጠፋል።

11. ስትመለሱ

ሪፖርቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይለቅ። አምስት ገጽ በቂ ነው። ፎቶ አታብዙበት። ጥያቄው፣ ያገኛችሁት መልስ፣ ያልሠራላቸው ነገር፣ እኛ የምናደርገው፣ ማን እስከ መቼ እንደሚሠራው። የወጪው ዝርዝር ከመጨረሻው ገጽ ይያያዝ፣ ማንም እድርተኛ ሊያየው ይችል ዘንድ።

ከዚያ በየእድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ይነገር። ሰብሳቢው ብቻ አይናገር፣ ያዩት ሰዎች በየራሳቸው አፍ ይናገሩ። አቅም ካለ ለወንዝ ዳር ተከራዮች ለብቻ አንድ ቀን አዘጋጁ፣ እድር የሌላቸው እነሱ ናቸውና።

ከብዙ ሐሳብ አንድ ብቻ መርጣችሁ ከሰኔ በፊት ሞክሩት። ለምሳሌ የስልክ ሰንሰለት፦ ላይኛው ሠፈር ውሃው ሲጨምር የሚያይ ሁለት ሰው፣ መካከል ላይ ሁለት፣ ታች ላይ በየአሥሩ ቤት አንድ በር አንኳኪ። ኔትወርክ ቢጠፋ ጥሩንባ ወይም ፉጨት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለሙከራ ደውሉና ከላይ እስከ ታች ስንት ደቂቃ እንደፈጀ በሰዓት ለኩ። ያልተነሣው ስልክ የማን እንደሆነ መዝግቡ፣ ቁጥሩን ቀይሩ፣ ደግማችሁ ሞክሩ።

ውጤቱን ለድሬዳዋ አስተናጋጆቻችሁ ከምስጋና ደብዳቤው ጋር ላኩላቸው። የደቂቃውን ቁጥር፣ የት ላይ እንደተቋረጠ፣ ምን እንደቀየራችሁ ጻፉ። እነሱም አዲስ አበባ ሲመጡ የሚያርፉበትን ቤትና የሚያዩትን ወንዝ ከአሁኑ አዘጋጁላቸው።